ከመጋረጃው ጠርዝ የታየችው በር

አለምነሽን የማውቃት ከላስቲክ ሰፈር ነው። ጂንካ ውስጥ፣ ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጫፍ፣ ጭቃ ቤቶች ላስቲክና የቆርቆሮ ቁራጭ ለብሰው እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙበት ሰፈር ነበር። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስተኛው ቤት «ይማርህ» ይላል። የእኔና የእሷ ግድግዳ አንድ ነበር። እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ እሷ ገበያ ላይ ጎደሬና ስኳር ድንች ትሸጣለች። አሁን ሰፈሩ የለም፣ መንገድ ሆኗል።

ሰፈሩ ሲነሳ ቤት ያለው ሁሉ በምትኩ ቦታ ተሰጠው። ቤቶቹ ሲቆጠሩ ግን አለምነሽ ገዘር ከተማ ሄዳ እናቷን እያስታመመች ነበር። ቆጣሪዎቹ በሯን ተቆልፎ ሲያዩት የጎረቤት ጓዳ መስሏቸው አለፉት። ስትመለስ ቤቷ ፈርሶ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ በሰው በረንዳ፣ በሰው ማድቤት እያደረች ቦታ የሚሰጠው ቢሮ ስንት ጊዜ ተመላለሰች። እኔም ልመሰክርላት ሄጄ ነበር። እንግዲህ ቢሮ ስገባ ላብ በላብ ሆንኩና «አዎ፣ ቤት ነበራት» ብቻ ብዬ ወጣሁ። የቢሮው ሰውዬ ክፉ አይደለም። «እናቴ፣ የአንድ ጎረቤት ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ቤቱ የሚታይበት ፎቶ ካለ አምጪልኝ» አላት።

ፎቶማ ሞልቷል! ኤርሳዶ የሚባል ከከምባታ የመጣ ፎቶ አንሺ ነበረን። በበዓል ቀን ካሜራውን አንጠልጥሎ ይመጣል። ታዲያ ሰፈሩ በፎቶ እንዲታይበት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። አገር ቤት ያለ ዘመድ አይቶ «እንዲህ ነው እንዴ የሚኖሩት?» እንዳይል ነው። ስለዚህ ኤርሳዶ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ይሰቅላል፣ ሰው ከፊቱ ይቆማል። የሚሰቀለው ደግሞ የአለምነሽ ግድግዳ ላይ ነው፣ ከፊቷ ትንሽ ሜዳ ስለነበረ። ሌላው ቤት ፊት ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም።

ሰፈሩ በሙሉ በእሷ ቤት ፊት ፎቶ ተነሳ ማለት ነው። ቤቷ ግን የለችም። ፏፏቴ ብቻ።

ኤርሳዶን ሄደን ስንነግረው በሳቅ ሞተ። «እንግዲህ በፏፏቴው ላይ ካርታ አውጪበታ!»

«ሳቅ አንተ» አለችው አለምነሽ። «መጋረጃህ አጭር አልነበር? ዳር ዳሩ ላይ ምንም አይታይም?»

አሰብ አደረገና «ይታያል። ሰው ግን አይወደውም። ግማሹ በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ግማሹ ወደ ኋላ አጥፎ ፍሬም ውስጥ ያስገባዋል» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አለምነሽ የድሮ ጎረቤት ቤት እየዞረች ፍሬም ታስከፍት ጀመር። ሰላምታዋ ራሱ «ደህና ዋላችሁ፣ ፎቷችሁን ልየው» ሆነ። አብዛኛው የተቆረጠ ነው። አንዱ ጋ የጣሪያ ላስቲክ አገኘን፣ አንዱ ጋ የውሻ ጅራት። እኔ «በቃ ተይው» ስላት «ደክሞህ ከሆነ አንተ ቁጭ በል» ትለኛለች።

የቀረችው ባዩሽ ናት። ከእኛ ቀጥላ ነበር የምትኖረው። ባለሱቅ አግብታ አሁን ሶፋ ያለው ቤት ውስጥ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ያ ፏፏቴው ፊት የተነሳችው ፎቶዋ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። አለምነሽ ገና ስታየው አወቀችው።

«ያን ቀን ነፋስ ነበር» አለቻት። «የመጋረጃውን ጫፍ የያዝኩልሽ እኔ ነኝ፣ የቤቴ በር ላይ ቆሜ።»

ባዩሽ ወደ ጓዳ ጎተተችን። «አለምዬ፣ እባክሽ። አማቴ አርባ ምንጭ አክስቴ ጋ ያደግሁ ነው የሚመስላቸው። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«የእኔ በር ያለበት ሌላ ምን አለሽ?»

«ልታዋርጂኝ ነው?»

«ፍሬሙን አልነካም፣ ያንቺ ነው። ግን እየመጣሁ እቀመጣለሁ።»

መጥታም ተቀመጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቅርጫቷን እግሯ ስር አድርጋ ፎቶው ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ስለ ፎቶው ቃል አትናገርም። ከአማቲቱ ከእማማ ጥሩነሽ ጋር በአገሩ ቋንቋ በአሪኛ ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ዳር ላይ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ።

አንድ ቅዳሜ እማማ ጥሩነሽ «ይቺ ሴትዮ ቴሌቪዥኑን ትታ ያንቺን ፎቶ ነው የምታየው። ምንሽ ናት?» ብለው ባዩሽን ጠየቋት።

ባዩሽ ተነሳች፣ ፍሬሙን አወረደች፣ በቢላ ጀርባውን ከፈተችና የታጠፈውን ዘረጋችው። ብርሃን ስላላየው ያ ጠርዝ ከሌላው ይልቅ ደምቋል። የዘይት ቆርቆሮ በር፣ ላስቲክ ጣሪያ፣ ከበሩ ብቅ ያለች አለምነሽ፣ መጋረጃውን ጨምድዳ አፏን ከፍታ።

«ጎረቤቴ ናት» አለች ባዩሽ። «እዚህ ነው የኖርኩት፣ እማማ።»

«አርባ ምንጭስ?»

«የለም።»

«ልጄ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እንግዲያው ሞኟ እኔ ብቻ ነኛ!» ብለው እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ባዩሽ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አለምነሽ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች እንጂ «ተይው፣ መልሰሽ እጠፊው» አላለቻትም። እኔ ብሆን እል ነበር።

ሰኞ ሦስታችንም ቢሮ ሄድን። ሰውዬው ፎቶውን አየ፣ አለምነሽን አየ። «አፍሽን ምን አስከፈተሽ?»

«እጄ ዛለ፣ ቶሎ አንሳ እያልኩት ነዋ!»

ባዩሽ «ያቺ እኔ ነኝ፣ በሩ የእሷ ነው» ብላ መሰከረች። እኔም በዚህ ጊዜ በሩን እኔ እንደገጠምኩት ተናገርኩ። «እናጣራለን» አሉ። አጣሩም፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከከተማው ዳር ቦታ ለክተው ችካል ተከሉላት።

እማማ ጥሩነሽና ባዩሽ እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አይደሉም። ባዩሽ ግን ለአዲሱ ቤት ጭቃ ጭድ አሸክማ መጣች። አለምነሽ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ የምሰሶውን ጉድጓድ ትቆፍራለች።

«ወንደሰን» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ቆመህ ልታየኝ ነው የመጣኸው? ምሰሶውን አምጣው!»