ልብሴ ሰፋኝ

የሞጣው የቅኔ መምህር መሪጌታ ሽመክት፣ ሰው ሁሉ «ለሴት ልጅ ቅኔ ምን ይሠራላታል?» እያለ ሲያሾፍባቸው፣ ወይንእሸትን ራሳቸው አስተማሯት። እናቷ በጨቅላነቷ ጥላት የሞተች አንድ ልጃቸው ናት። ጠዋት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ ከሰዓት አባቷ ዘንድ ናት። «ዘመናዊው ሥራ ያስይዝሻል፤ ቅኔው ግን የሰው ልብ ያስነብብሻል» ይሏት ነበር። አባትና ልጅ ጨው አቀብይኝ እንኳ ሲባባሉ በሰምና ወርቅ ነበር። መቼም የእነሱ ቤት ጉድ ነው!

ኋላ ቢቸና ተዳረች። በ1991 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ እህል ነጋዴው ፋንታ ከዚያ መጣና መሪጌታ ሲያስተምሩ ደረሰ።

«ወይንእሸት መልእክት ልካለች። ‹ልብሴ ሰፋኝ በልልኝ› ብላለች። እኔም ሳያት...»

«ዝም በል!» አሉት። «እንዳትፈታብኝ! ወርቁን ራሴ ላግኘው።»

አይ የቅኔ ሰው! የተደበቀውን ምሥጢር ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገረው፣ ጉርሻውን ከአፉ የነጠቁት ይመስለዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ልብስ ማለት ሥጋ ነው፤ ጌታ ሥጋን ለበሰ ይባል የለ? ሥጋዋ ሰፋ ማለት ደግሞ...

«ፀንሳለች!» ብለው ብድግ አሉ። «ይበል! ይበል!»

ጥሩ ቅኔ ሲሰማ የሚባለው እሱ ነውና ተማሪዎቹም ይበል አሉ። ፋንታ ግራ ገባው። ቅኔ የማያውቅ ጨዋ ሰው ከመሪጌታ ጋር ምን ብሎ ይከራከር? ምነው ያን ቀን አፍ በሰጠው!

«አባትሽ ይበል ብሎሻል በላት» ብለው ሸኙት። አባቷን ስትጠብቅ ለከረመችው ልጅ የደረሳት ይኸው ነው።

መሪጌታ ለአራስ የሚሆን ማርና ቅቤ አሰናድተው ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ሄዱ። ወይንእሸት አልጋ ላይ ናት። ቀሚሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ባሏ ጸበልም ሐኪም ቤትም ሲያመላልሳት ከርሟል፤ ሳንባዋ አልቋል ተብሏል።

«አባዬ» አለች፣ «ቅኔ እኮ አልነበረም። ልብሴ ነው የሰፋኝ።»

«ታዲያ ምነው ታምሜያለሁ ብትይኝ፣ ልጄ?»

«እንዳላስደነግጥህ ብዬ ነው።»

በሳምንቱ አረፈች። ተማሪዎቹ ከሞጣ መጥተው፣ እንደ ወጉ በመቃብሯ ፊት ቅኔ ሊቀኙላት ቆሙ። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

«እባካችሁ አትቀኙ» አሉ። «ወይንእሸት ሞተች በሉ። ሌላ ምንም አትበሉ።»

ተማሪዎቹ እያለቀሱ «ወይንእሸት ሞተች» አሉ።