በቂም ያበጀሁት ጡንቻ

የባሌ ታላቅ እህት ከመኪና ያወረደችኝ ግራና ከተማ ለሠርግ ልንሄድ መርሳ ላይ ስንሳፈር ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሁለት ባልቴቶች መሬት ቀርተዋል። እኔ ቀድሜ ገብቼ መስኮቱ ጥግ ተቀምጫለሁ። ከፊት ወንበር ዞር አለችና፣

«አንቺ ውረጂ። ባንቺ ቦታ ሁለት ሰው ይገባል» አለችኝ።

ተሳፋሪው ሳቀ። ባሌ ውጭ ውጭውን አየ። ወረድኩ። በሐበሻ ቀሚሴ፣ ትናንት በተሠራሁት ሹሩባ ወደ ቤቴ ስመለስ ያገኘኝ ሁሉ «ሠርጉ ቀረ እንዴ?» ይለኛል።

ያን ቀን ልቀጥን ማልኩ። ጤና አልነበረም የፈለግሁት። ቀጥኜ በፊቷ ማለፍና ፊቷ ሲከስል ማየት ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ በቀን አንዴ ብቻ መብላት ጀመርኩ። ፋሲካ አልፎ ሰው ሲፈታ እኔ አልፈታሁም። ሥራዬ ፍራፍሬ መሸጥ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማንጎና ብርቱካን እመዝናለሁ። ረኃቡ ሲያዞረኝ ያችን መኪና አስባታለሁ፤ ያልፍልኛል። በክረምቱ መጨረሻ ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። የባሌ እህት አየችኝና «አሁን ገና ሰው መሰልሽ» አለች። ፊቷ አልከሰለም። እንዲያውም ደስ ያላት መሰለኝ፤ እሱ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ።

ከዚያ ወልድያ ላይ ወደቅሁ። ዕቃ ልገዛ ሄጄ ከመነኻሪያው ወደ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሰዎች ደግፈው ሐኪም ቤት አስገቡኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካች፤ ከፍ ብሎባት ፊቷን ቋጠረች።

«እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ይነሡ» አለችኝ።

አቃተኝ። በሦስተኛው ሙከራ ጠረጴዛውን ይዤ ተነሣሁ።

«ኪሎ ቀንሻለሁ እኮ» አልኳት፣ እንደሚሟገት ሰው።

«ቀንሰዋል። ብዙው የሄደው ግን ጡንቻዎ ነው፤ የሆድዎ ስብ እዚያው አለ» አለች። «ጡንቻ ሲሠራ ደም ወደ ራሱ ይስባል። ደሙ ሲሮጥ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ይለጠጣል፤ እንደዚያ እየሆነ ነው ልስላሴው የሚቆየው። ስኳሩንም የሚወስድልዎ ጡንቻው ነው። ጡንቻው አልቆ ስቡ ሲቀር ግን ሥሩ እየደረቀ ይሄዳል። የመስኖ ጎማ ፀሐይ ላይ ሲከርም አይተው የለ?»

አይቻለሁ። ሲያጥፉት ይሰነጠቃል።

የግፊት መድኃኒት ሰጥታኝ ተመለስኩ። እንቁላሉን፣ ባቄላውን፣ ሽሮውን መብላት ጀመርኩ። ገበያተኛ በሌለ ሰዓት እጄን አጣምሬ ከበርጩማዬ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አራት ጊዜ፣ ኋላ ሠላሳ። የብርቱካኑን ሣጥን ለሰው መስጠት ተውኩና ራሴ ተሸከምኩ። ጠዋት ጠዋት በሲሪንቃ መንገድ እሄድና ፀሐይ ሳይበረታ እመለሳለሁ። እግሬ ሲዝል የባሌን እህት ድምፅ በጆሮዬ እጠራዋለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ምርኩዝ አላገኘሁም። በዓመቱ ከጣልኩት ኪሎ ግማሹ ተመልሷል፤ ቀሚሴም ጠቧል። ግፊቴ ግን ወርዷል። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ለክታ ሳቀች።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከባሌ እህት ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ክንዷና እግሯ ሰላላ ነው፤ በዚያ ትኮራለች። ሆዷ ግን በነጠላው ሥር ተነፍቷል። ልትነሣ ስትል የጎረቤቷን ትከሻ ተጭና፣ ተንጠልጥላ ነው የተነሣችው። ወዲያው ገባኝ። እኔን ወልድያ ላይ የጣለኝ ነገር እሷም ጋ አለ። ማታ ለባሌ ነገርኩት።

«ታዲያ ንገሪያት» አለ።

«ሐኪም ቤቱ የት እንዳለ ታውቃለች» አልኩ።

ሦስት ወር ዝም አልኩ። ስታልፍ በዓይኔ እከተላታለሁ፤ መቼ ትወድቅ ይሆን እያልኩ። አንድ ጠዋት ቤቷ በር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ወልድያ ወሰዷት፤ ግፊቷ ከኔ የከፋ ነበር። መድኃኒት ተሰጣት፤ ሲሻላት «እግርሽን አጠንክሪ» ተባለች። ባሌ እኔ እንድረዳት ለመነኝ።

«ራሷ ትጠይቀኝ። በገበያ ቀን» አልኩት።

መጣች። ሰው ግጥም ባለበት ከብርቱካኔ ፊት ቆመች።

«እንዴት እንዳደረግሽው አሳዪኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልሰማሁሽም» አልኳት።

እስከዚያ ቀን «እትዬ» እና «አንቱ» ነበር የምላት። ፊቷ ያኔ ከሰለ። ሁለት ዓመት ያህል የጠበቅሁት እሱ ነበር፤ ጣፋጭ ነው፣ አልዋሽም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ ብርቱካን የሚመርጡት ሴቶች ቀና አሉ።

ሐኪሟ ቀስ በቀስ ትጀምር ብላለች። መድኃኒቱ ግፊቷን እስኪያወርደው ጠበቅሁ፤ ከዚያ ከበርጩማ አስነሣት ጀመር። አምስት ካልኳት አምስት ነው፤ አራት ላይ ብታለቅስ አልምራትም። ጠንከር ስትል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ወሰድኳት። እኔ ከፊት እወጣለሁ፤ እሷ ከኋላ ታለከልካለች። ውኃውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስትለምነኝ እሰጣታለሁ፤ ካልለመነችኝ ግን አልሰጥም።

በስምንተኛው ወር ሐኪሟ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ግፊቷ ወርዷል፤ እጇን አጣምራ ተነሣች። ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆም አለች።

«እንደምወድቅ ታውቂ ነበር አለኝ ወንድሜ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔም ብሆን አልነግርሽም ነበር» አለች።

ያን የሦስት ወር ዝምታ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። ስለ ዳገቱና ስለ ውኃው ግን አልነገርኳቸውም፤ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይዣት እወጣለሁ።