አውሮፕላኑና የባቄላው ንፍሮ

ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄ ከድሬዳዋ ደወለችልኝ። ጠዋት ቦሌ ሻይ ጠጥታ፣ ቁርሷን ድሬ ላይ እየበላች ነበር። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ከተማችን ናዝሬት ሳትባል፣ አዳማ በምትባልበት ዘመን የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እህል ይነግዳል። ተካ ደግሞ የጣቢያው ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። ሽማግሌ ልኮ አስጠየቀኝ፤ አባቴም እሺ ሊል ትንሽ ሲቀረው፣ ተካ ወደ ድሬዳዋ መዛወሩ ተሰማ። ነገሩ ፈረሰ።

«ባቡሩ አዋሽ አድሮ በማግስቱ ነው የሚገባው» አለ አባቴ። «ልጄ ብትታመም እኔ ስደርስ ተቀብራ ነው።»

ተካ ራሱ መጣ። «አባባ፣ ዘመኑ እኮ የአውሮፕላን ነው። እዚህ ንፍሮ ቢጣድ፣ ሳይበስል አውሮፕላኑ ድሬዳዋ ይገባል» አለው።

«ማሎ! ንፍሮ ሳይበስል?» አባቴ ከመደቡ ተነሣ። «እንግዲያው ይጣዳ! አውሮፕላኑ ከቀደመ ልጄን ውሰድ። ንፍሮው ከቀደመ ግን ደጄን እንዳትረግጥ!»

ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ አየሩ የጤፍ ገለባ ይሸታል። ወደ ድሬዳዋ የሚበር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ መነሣቱን ተካ በቴሌግራፍ እንደሰማ እየሮጠ መጣ። አባቴ የጓዳ ነገር ስለማያምን ጣቢያው ግራር ሥር ጉልቻ አስቀመጠ፤ ባቄላውን በገዛ እጁ ሰፈረ፤ እሳቱን ለእኔ ሰጠኝ። መንገደኛው ሁሉ ከበበን። በሞጆ በኩል ጥቁር ነገር ብቅ ሲል አባቴ «ጣጂው!» ብሎ ጮኸ። ጥንብ አንሣ ነበር። ድስቱን አወረድነው። ቆይቶ እውነተኛው እያጓራ በላያችን ሲያልፍ ድስቱን መልሰን ጣድነው፤ አንድ አህያ ጭነቱን ጥሎ ወደ ቆላው ሸመጠጠ።

ባቄላው መንተክተክ ሲጀምር ልቤ ይመታ ጀመር። ተካን እወደው ነበር። አባቴ ከሰው ጋር ሲያወራ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስኩበት። ሲያዛጋ አንድ እንጨት ጎተትኩ። ደግሜ ቸለስኩ።

«ይሄ ባቄላ የየት አገር ነው?» አለ መጨረሻ ላይ ግራ ገብቶት።

«የአርሲ ነው አባባ፤ ጠንካራ ነው።»

ተካ ወረቀት እያውለበለበ ከጣቢያው ወጣ። «ገባ! ድሬዳዋ ገባ!» ወረቀቱ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስለነበር አባቴ አላነበበውም፤ ባቄላውን ግን ቀመሰ። ጉንጩን ይዞ «ውሰዳት» አለ።

በጥር ተዳርኩ። ባቡሩ መተሐራን ሲያልፍ ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝና የቀዝቃዛውን ውሃ ነገር ለተካ ነገርኩት።

«እንግዲህ እኔም ልናገር» አለ። «ያ ወረቀት ስለ ጨው ጭነት ነበር። አውሮፕላኑ ቤንዚን አልቆበት አዋሽ ሜዳ ላይ አርፎ ኖሯል። ድሬዳዋ የገባው በማግስቱ ነው፣ ከባቡሩም ኋላ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቅን።

አባቴ እስኪሞት ድረስ ገበያ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ድሬዳዋ እኮ ቅርብ ናት» ይለው ነበር። እኛም አላረምነውም። ዛሬ ልጆቼ በየአገሩ ተበትነዋል። ሲሄዱ ሁሉም «ቅርብ ነው እማዬ» ይሉኛል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አልጠይቅም፤ ቶሎ ብዬ አምናቸዋለሁ። አባቴም ያን ቀን ሲፈልግ የነበረው የሚያምነው ነገር ብቻ ይመስለኛል።