ቅዳሜ የሚመጡት ሦስት ሰዎች

ደብዳቤውን ሳልከፍተው ነው የተያዝኩት። ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ የሚኒባሱ ረዳት ፖስታውን በመስኮት ሲያቀብለኝ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። ጦርነቱ ስልኩን ካቋረጠው ሰንብቷል፤ ግንባር ካለው ወታደሬ ጋር የምንገናኘው በሹፌሮች እጅ ነበር። «የፍቅር ደብዳቤ ነው» አልኩ። አላመኑኝም። ድምፄ እንዲያ እየተንቀጠቀጠ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽታው ከግድግዳው አልወጣም፤ ገና ስገባ ዓይኔ አነባ፣ ሴቶቹ ያለቀስኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እናቴን የሚያክሉ የደሴ ዙሪያ አትክልት ነጋዴ ነጠላቸውን አልብሰውኝ «ልጄ፣ ምን ይዘሽ ነው?» አሉኝ።

«ያላነበብኩት ደብዳቤ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ከእስሩ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤዬ ወታደሬን፣ ቁም ነገር ካሰብክ ንገረኝ፣ ካላሰብክም ንገረኝና ልረፈው ብዬው ነበር። መልሱ ፖስታው ውስጥ ነው፤ ፖስታው ደግሞ መርማሪው ዘንድ።

ቅዳሜ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው መነጽሩን አድርጎ ከሁለቱ ገጽ ያሰመረበትን ብቻ እንደ ክስ አነበበልኝ።

«‹ቅዳሜ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሦስት ሰዎች እናንተ ቤት ይመጣሉ። አባትሽ መጀመሪያ ቢመልሷቸው አትደንግጪ፤ ደግመው ይመጣሉ።› እነማን ናቸው? ተልእኳቸውስ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌ ልኳል። ያ ዓይን አፋር፣ ቃሉን እንኳ ሳይጠራ ሽማግሌ ልኳል። ደስታው ከወንበሩ ሊያስነሳኝ ምንም አልቀረው።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሽማግሌዎች ናቸው ጌታዬ፤ ለጋብቻ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ለምን አላለም?»

«አፍሮ ነው።»

«ወታደር ያፍራል?»

«የኔው ያፍራል።»

«እናያለን» ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ፊቴን ያዩት ነጋዴዋ «ተፈታሽ እንዴ?» አሉ።

«የለም፤ ልታጭ ነው።»

ያን ጊዜ የተነሣው እልልታ ጠባቂውን በር አስደበደበው። ልቤ ግን አላረፈም፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ የመርማሪው ሰዎች እንደሚጠብቋቸው አውቄያለሁ።

እንደፈራሁትም ማምሻውን ሦስቱን ከነአባቴ ጭነው ወደ ኮምቦልቻ አወረዷቸው። ከነሱ ጋር ሊያፋጥጠኝ መርማሪው አስጠራኝ። ሦስት የሐርቡ አዛውንት፣ የወታደሬ አገር ሰዎች፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ተቀመጡ» አለ መርማሪው።

ማንም አልተቀመጠም።

«ተቀመጡ አልኩ እኮ።»

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጄ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ወጉ ነው።» ከዚያ መርማሪውን እዚያው ትተው ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ወላሂ፣ ሌላ የያዝነው የለም።»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ታስሮ የመጣ ሳይሆን ሳሎኑ ውስጥ ያለ ነበር የሚመስለው።

«መልካም። ከዘመድ መክሬ እነግራችኋለሁ። ግን ልጄ ቤቷ ሳትገባ ከኔ መልስ የለም። እሷ በገባች በሳምንቱ ተመለሱ።»

መርማሪው ደብዳቤውን ደግሞ አየው። አባትሽ መጀመሪያ ቢመልሷቸው አትደንግጪ። ያኔ ነው የገባው መሰለኝ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ቢሆንም ቃሌን ጽፎ «ፈርሚ» አለኝ። «ሦስት ተጠርጣሪዎች» ይላል። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሰረዝኩትና በላዩ ላይ «ሽማግሌዎቼ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈረምኩ። አዛውንቱ አሁንም ቆመው ነበር።

እነሱን ያኔውኑ ለቀቋቸው፤ እኔን ከሦስት ቀን በኋላ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ አባቴም እሺ አለ። ወታደሬ ከግንባር ትንሽ እያነከሰ መጣና ተጋባን።

ደብዳቤው ግን መዝገብ ውስጥ ቀረ። ባሌ የቀረውን በቃሉ ሊነግረኝ ሲጀምር አስቆመዋለሁ። ጽሑፉ የተላከው ለኔ ነው፤ እኔው ከፍቼ ማንበብ ነበረብኝ። ስለዚህ በየዓመቱ ማመልከቻ ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ለምዳኛለች፤ ሳታነበው ትቀበለኛለች። «ጉዳዩ» በሚለው ቦታ ግን ዛሬም ሳላፍር፣ በጉልህ እጽፋለሁ፦ የፍቅር ደብዳቤዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ።