ባዶ ጆንያና ምርጥ ዘር

አማቴ «መሲና ላም ከምትቀለብ ለአረፋ ትታረድ» ካሉ እኔ ምን አፍ አለኝ? ላሚቱን ግን ስዳር አባቴ ነው ከሳጉሬ ነድቶ ያመጣልኝ። ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ግቢ ሁሉም ነገር የአማቴ ነበር፤ የእኔ የምለው እሷን ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎረቤት ኮርማ ጋር ብትውልም አላረገዘችም።

በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ «ምርጥ ዘር አሰላ መጥቷል» ተብሎ ተለፈፈ። አማቴ ጆንያ አስታቀፉኝና «ስንዴው ሳያልቅ ድረሺበት» ብለው ሰደዱኝ።

ስደርስ ስንዴ የለ፣ ምን የለ። አንድ ወጣት እስከ ብብቱ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ ከአንዲት ላም ኋላ ቆሟል። ጆንያዬን ከፍቼ «ዘሩን ሙላልኝ» አልኩት። ወላሂ፣ ሳቁ አላስቆም ብሎት አጥሩን ተደገፈ።

«እህቴ፣ ይሄ የኮርማ ዘር ነው። እኛ ሴመን ብለን ነው የተማርነው።»

«ሴመን ደግሞ ምንድን ነው?»

«ላቲን ነው፣ የጥንት ሮማውያን ቋንቋ። መዝራት ከሚለው ቃላቸው የወጣ። ለእህሉም ለኮርማውም ሴመን ይላሉ።»

በሀፍረት መሬት ልገባ ነበር፤ ይህን ስሰማ ግን ልቤ ተመለሰ። በአማርኛ ዘር፣ በኦሮምኛ ሰኚ፣ ለሁለቱም ያው አንድ ቃል ነው። «እንግዲያው እነሱም ጆንያ ይዘው ይመጡ ነበራ!» አልኩት። ከዚያ የላሜን ነገር አጫወትኩት። «ኮርማ የፈለገች ዕለት ይዘሻት ነይ» አለኝ።

ባዶ ጆንያ ይዤ ስገባ አማቴ የመንደር መሳቂያ አደረጉኝ። «ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል እንጂ በጓንት ይገባል ሲባል አልሰማሁም» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ባሌ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ላሚቱ ኮርማ ፈልጋ መጮህ የጀመረች ዕለት ወደ ወጣቱ አብሮኝ ነዳት።

አረፋ ሲደርስ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አማቴ ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ በእሷ ፈንታ በግ አሳረዱ።

ሰው ሲሳካለት «ላሜ ወለደች» ይላል፤ የእኔ እውነትም ወለደች፣ ያውም ሴት ጥጃ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጥጃዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔ በደስታ አለቅሳለሁ። አማቴ ወደ ጓዳ ገብተው ያንን ጆንያ ይዘው ወጡና መሬቱ ላይ አነጠፉት።

«በይ» አሉኝ፣ «ዘርሽን እዚህ ላይ አስተኚው።»