ካርድ ቁጥር አርባ አንድ

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ክሊኒኩ ገና ክሊኒክ አልነበረም። ከብቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ወርደን፣ ሁለት ሰዓት በእግር ሄደን የደረስንበት ቤት የገበሬ ማኅበሩ የድሮ እህል ማከማቻ ነው። እኔ ከአሰላ የተመደብኩ ጤና ረዳት ነኝ። አብራኝ የመጣችው ሲስተር ኖራ አየርላንዳዊት ነርስ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ያለ ደመወዝ በፈቃዷ የመጣች። ነጭ ጋወኔን ለብሼ ትእዛዝ ስጠብቅ መጥረጊያ ሰጠችኝ። እሷ የአይጥ ጉድጓድ ስትደፍን ዋለች።

ከመነሳቴ በፊት ብቸና ላይ ካድሬው ጓድ መኮንን ቢሮው አስጠርቶኝ ነበር።

"የሴትዮዋ ሕክምና ለይምሰል ነው" አለኝ። "ደመወዝ ሳይበላ ከባሕር ማዶ መጥቶ የገበሬ ቁስል የሚያጥብ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እሷ የምትጽፈውን፣ የምትስለውን፣ የምታነጋግረውን ሁሉ ተከታተል።"

እውነቱን ልናገር፣ ጓድ መኮንን ባይነግረኝም እጠረጥራት ነበር። ተፈጥሮዬ ነው። የመድኃኒት ሳጥኖቹን ስንፈታ የመገናኛ ሬዲዮ ፍለጋ እስከ ታች ድረስ ዳበስኩ። ያገኘሁት ጥጥና የልብስ ሳሙና ነው። ሳሙናውንም አሸተትኩት።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እሷ ትመረምራለች፤ እኔ ካርድ እጽፋለሁ፣ መርፌ በፕሪመስ እቀቅላለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ። ካርዱ ላይ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ይሞላል። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ሰሞን ስለነበር ግን ስሙን ማስጻፍ የሚወድ ሰው አልነበረም። ስም ስጠይቃቸው ጣሪያውን ያያሉ፣ ጎረቤታቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ያመጣላቸውን ይሰጡኛል። አንድ ጠዋት "አየለ! አየለ!" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተጣራሁ። ለካ አየለ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አብሮኝ አየለን ይፈልጋል!

"የሚነግሩህ ስም ውሸት ነው" አለችኝ ሲስተር ኖራ በተሰባበረ አማርኛዋ።

"አውቃለሁ፣ ሲስተር" አልኳት። ይህን ከየት አወቀች ብዬ ደግሞ በዚህም ጠረጠርኳት።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሽተኞች ለማየት መንደሩን ትዞራለች። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር ከኪሷ አትለይም። አንድ ቀን ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ትታ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ገለጥኩት። ወንዝ፣ ድልድይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትልልቅ ዛፎች፣ በየጎጆው አጠገብ ደግሞ ቁጥር። ይህ ካርታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? በዚያው ሳምንት ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ወደ ብቸና ላክሁ። በጽሕፈቴ ማማር ኮርቼ ነበር።

ሪፖርቱን በላክሁ በማግሥቱ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ከገና ጀምሮ እንደሚያስላት ነገረችን፤ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። ስሟን ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች "አበበች ዓለሙ" አለች። ካርድ ቁጥር አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። አክታዋን ስላይድ ላይ ቀብተን፣ አድርቀን፣ ሞጣ ወደሚገኝ ላቦራቶሪ ላክነው። ቅዳሜ ሲስተር ኖራ ሕፃኑን ልታይ ቤቷ ድረስ ወረደች፤ ተመልሳም ደብተሯ ላይ ስትጭር አየኋት።

ሰኞ ጓድ መኮንን ከሁለት ሚሊሻዎች ጋር ደረሰ። በሽተኞቹ በር በሩን ማየት ጀመሩ። ደብተሯን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የበሽተኞች ቤት" አለችው። "ስም አይናገሩም። እኔ ቤታቸውን ሳልኩ። ቁጥሩ የካርድ ቁጥር ነው።" ወደ እኔ ጠቆመች። "እሱ ያውቃል። ካርዱን የሚጽፈው እሱ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጨረሻው ላይ፣ ከወንዝ ዳር ጎጆ አጠገብ፣ አርባ አንድ ይላል። በየቀኑ በገዛ እጄ የምጽፋቸው ቁጥሮች ናቸው።

"እውነቷን ነው?" አለኝ ጓድ መኮንን።

እውነቷን ነው ብል የሦስት ገጹ ሪፖርት ወደ እኔ ሊዞር ነው። ፈራሁ።

"አላውቅም" አልኩ።

ሲስተር ኖራ ጋወኗን አውልቃ፣ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና አብራቸው ወጣች። ቆይቶ ከአገር እንድትወጣ መደረጉን ሰማሁ። ደብተሩም በጓድ መኮንን እጅ ቀረ።

ፋሲካ ሲቃረብ ውጤቱ ከሞጣ መጣ። ቁጥር አርባ አንድ የሳንባ ነቀርሳ አለባት። የነቀርሳው መርፌ፣ ስትሬፕቶማይሲኑ፣ መደርደሪያዬ ላይ ተደርድሯል፤ ሴትዮዋ ግን የለችም። ሚሊሻ ወደገባበት ቤት ማን ይመለሳል?

ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ወደ አቶ ይርሳው ሄድኩ።

"አበበች ዓለሙ የምትባል ሴት የት ነው ቤቷ?"

"ኧረ በዚህ አገር እንዲህ የምትባል ሴት የለችም፣ ሐኪም።"

"ወጣት ናት። ታስላለች፤ ሕፃን ልጅ አላት።"

"የማያስለው ማን አለና!"

ደብተሩ ላይ ያየሁትን የወንዝ ዳር ጎጆ ፍለጋ ወንዙን ወደላይም ወደታችም ተከተልኩት። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ወንዶቹ በጓሮ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ አናውቅም ይላሉ። ገበያ መሃል ቆሜ የሰው ሳል አዳመጥኩ። ስሰልል ከርሜ አሁን የምሰለለው እኔ ሆንኩ።

ሰኔ ላይ አቶ ይርሳው ራሳቸው መጡ።

"ያችን ሴት የምትፈልጋት ለባሏ አልነበረም?"

"ለመድኃኒት ነው፣ አቶ ይርሳው። ምን ያደርግልኛል ባሏ?"

"ባሏን ለዘመቻ ሊወስዱት ነው ብለን ነው እኮ። የወንድሜ ልጅ ነበረች።"

ነበረች ሲሉ ገባኝ።

ይዘውኝ ወረዱ። ጎጆው ሲስተር ኖራ የሳለችበት ቦታ ላይ ነው። እናቷ ሕፃኑን ታቅፈው ደጅ ተቀምጠዋል፤ አርባዋ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ስሟ ጥሩወርቅ እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሕፃኑም ያስለው ነበር። በሽታው ሳይጋባበት ደርሼለታለሁ ማለት አልችልም፤ ግን ዓመት ሙሉ አክሜው ዳነ። አርባ አንድ ቁጥር ካርድ ላይ የእናቱን ስም አስተካክዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ ሁሉ በካርዱ ጀርባ ወደ በሽተኛው ቤት የሚወስደውን መንገድ እስል ነበር። ለአዳዲስ ጤና ረዳቶችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ የበሽተኛችሁን ቤት እወቁ። ያልገባችሁን ነገር ደግሞ ለአለቃ ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ሲስተር ኖራን ጠይቄያት ቢሆን መልሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።