ቃጭል የታሰረበት ዝንጀሮ

የሕጉን ረቂቅ ያነበበው ባለሙያ ድምፁ ጥሩ ነበር። ቢቸና፣ የወረዳው አዳራሽ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ማይክ ስላልሠራ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አነበበው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል ክልክል ነው። ሰብል የሚያጠፋ ቢሆን እንኳ የሚገድለው ሥልጠና ወስዶ የአደን ፈቃድ ያወጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን ካረጋገጠ በኋላ። ያለ ፈቃድ በሕይወት መያዝ፣ ማሰርና ምልክት ማድረግም እንደዚሁ ያስጠይቃል። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ኋላ መቅረጫዬ ላይ ደግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በትክክል ተነቧል። አዳራሹ ውስጥ ግን ልብ ብሎ የሰማው አልነበረም። «መግደል» ከተባለ ጀምሮ ጉምጉምታው አልበረደም ነበር።

እኔ የሄድኩት ለሬዲዮ ዜና ነው። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ከሞጣ ቢቸና ያለውን መንገድ ለሥራ ስመላለስበት ኖሬአለሁ። እንዲህ ዓይነት ውይይትም ብዙ አይቻለሁ። ረቂቅ ይነበባል፣ ገበሬው ይጠይቃል፣ «ግብዓት ወስደናል» ይባላል፣ ምሳ ይበላል።

የዚያን ቀን ከልባቸው የጠየቁት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ማሳቸው ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው፤ ከማሳው በታች ገደል፣ ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮ። በክረምቱ በሬያቸው ሞቶባቸው፣ የሰው በሬ ለምነው አሳርሰው ማሽላ ዘርተዋል። ማሽላው ከተሰበሰበ መሬታቸው በእጃቸው ይቆያል። ካልተሰበሰበ በሚመጣው ዓመት ለጎረቤታቸው በእኩል ሊሰጡ ነው፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። አንዴ በእኩል የገባ የባልቴት መሬት ተመልሶ ሲወጣ በዚያ አገር እምብዛም አይታይም። ይህን አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጎረቤትየው ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ በዕድሜ ከልጆቻቸው ብዙም የማይበልጥ፣ ጠመንጃ ያለው፣ እስከ አምና ድረስ ዝንጀሮ ሲያስቸግር የሚተኩስላቸው ሰው።

«ልጄ፣ ማሽላዬ እሸት ይዟል፤ ፈቃዱ መቼ ይደርሳል?» አሉ ባለሙያውን።

«እናቴ፣ ይሄ ገና ረቂቅ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ሲጸድቅ ነው።»

«እስኪጸድቅስ?»

«እስኪጸድቅ ማንም አይተኩስም።»

«ዝንጀሮውስ እስኪጸድቅ ይጠብቃል?»

ሰው ሳቀ፤ ባለሙያውም ሳቀ። «አይግደሉ አልን እንጂ አያባርሩ አላልንም። በባህላዊ ዘዴ ያባርሩ።»

ሊቀመጡ ዞር ሲሉ ወንበራቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። ጎረቤትየው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «‹አስቀድሞ የመቀመጫዬን› አለች ዝንጀሮ! ኧረ ለእቴቴ ወንበር ስጧት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንበር የሰጣቸው ግን አልነበረም። የቀረውን ስብሰባ ቆመው ጨረሱት።

ከስብሰባው በኋላ ባልቴቷ ጎረቤታቸውን ደጅ ላይ ደረሱበት።

«አንዲት ጥይት። አውራውን ብቻ ጣልልኝ፤ ሌላው ይበተናል።»

«እቴቴ፣ ሕጉን አብረን ሰማን አይደል? ፈቃድ የለኝም።»

«አምና ፈቃድ ነበረህ?»

«አምናማ ማን አነበበልኝ!»

አብረውት የቆሙት ሳቁ። እሱም ሳቁ ሳይበርድለት፣ «ግዴለም፣ የአባቶቻችንን ዘዴ እናደርግልሻለን፤ አንገድለውም፣ እናስጌጠዋለን። የሞተው በሬሽ ቃጭል አለ አይደል?» አላቸው።

ዘዴው በዚያ አፋፍ የታወቀ ነው። አንድ ዝንጀሮ ይያዝና ቃጭል ታስሮበት ይለቀቃል። እሱ ወደ ወገኖቹ ይሮጣል፤ ወገኖቹ የቃጭሉን ድምፅ ፈርተው ይሸሹታል፤ በሸሹ ቁጥር ይከተላቸዋል። መንጋው ከገዛ ዘመዱ ሲሸሽ አገር ለቅቆ ይሄዳል። ባልቴቷም ዘዴውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ተስማሙ።

በማግስቱ አብሬያቸው ወረድኩ። ጎረቤትየውና ጓደኞቹ በአረቄ የራሰ በቆሎ ከማሳው ግርጌ ድንጋይ ላይ በትነው ነበር። ስንደርስ አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ እግሩ እየተሳሰረበት ከድንጋይ ድንጋይ ይወድቃል። አንዱ ገበሬ እንደሱ እየተንገዳገደ አስመሰለው፤ ሌላው «ድገሙለት፣ የጎደለበት ነው!» አለ። ከዚያ በባላ አንገቱን መሬት ላይ ያዙትና እጆቹን ረገጡ። ባልቴቷ ቃጭሉን ከነጠፍሩ ይዘው መጡ። ጎረቤትየው ጠፍሩን ፈትቶ ጣለው።

«ይሄንንማ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ሽቦ አምጡ።»

ሽቦውን በፒንሳ ጠመዘዘ።

«አይጥበቅበት» አሉ ባልቴቷ።

«ሀብል ነው እቴቴ! ሙሽራ ሀብሌ ጠበበኝ ትላለች?» አንድ ጊዜ ጨምሮ ጠመዘዘው።

እጁን ሲለቁለት ዝንጀሮው መጀመሪያ ያደረገው ጣቱን በሽቦውና በአንገቱ መካከል ለማስገባት መሞከር ነበር። አልገባለትም። ባላውን ሲያነሡለት ብድግ አለ፤ ቃጭሉ ጮኸ፤ በድምፁ ደንግጦ ዘለለ፤ ሲዘል ባሰበት። ቁልቁል ወደ ገደሉ ሮጠ። ገደሉ አፍ ላይ ፀሐይ ይሞቅ የነበረው መንጋ አንዴ ቀና ብሎ አየውና ተበተነ፤ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን እንዳዘሉ። እሱ እየጮኸ ይከተላል፣ እነሱ እየጮኹ ይሸሻሉ። አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ መሸሽ አቅቷት ድንጋይ ሥር ተኮራመተች፤ ሲጠጋት ፊቱን ቧጠጠችው። ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ከእንግዲህ ዘመድ የለህም!» ብሎ ጮኸበት አንዱ።

ባልቴቷ አልሳቁም። ገደሉ ጭር ሲል ግን ማሽላቸውን ዞረው አዩና «እሰይ» አሉ።

ሁለተኛው ውይይት ሞጣ ላይ ሆነ፤ የየወረዳው ገበሬ ተወክሎ መጣ። ባልቴቷን የወከላቸው የለም። ከቢቸና በራሳቸው ተሳፍረው መጥተው አዳራሹ በር ላይ አገኘኋቸው። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። ለምን እንደመጡ ጠየቅኳቸው።

«ዝንጀሮዎቹ ሄደው ነበር። ኋላ ተመለሱ፤ እሱም አብሯቸው። ቃጭሉን ለመዱታ።»

ቀጥሎ የሆነውን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ከአዳራሹ በር አልተነቀለም፤ ተራቸው እንዳያልፍ ፈርተዋል። ቀትር ላይ ማማው ላይ ነበሩ፤ ማሽላ የሚጠበቅበት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ላይ። ወንጭፋቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሙቀቱ አሸልቧቸዋል። በእንቅልፋቸው መሀል ቃጭሉ ከታች ተሰማቸው።

«በሬዬ የሚግጥ መሰለኝ፣ ልጄ። ዕድሜዬን በዚያ ድምፅ ነው የተኛሁት። እሱ ከተሰማኝ ሁሉ ደኅና ነው። ልነቃ የነበርኩትን መልሶ አስተኛኝ።»

ሲነቁ ከማማው በታች የቀረው የተሰባበረ አገዳ ነበር። ያንን ዝንጀሮ ካልገደሉላቸው ከላይ በኩል የተረፈችውም ማሽላ አትሰበሰብም፤ የመጡት ለዚያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ዕድል ሲሰጣቸው ይህንኑ ተናገሩ። የሞጣው ባለሙያ ከቢቸናው ይልቅ ትሑት ነበር፤ እስኪጨርሱ አዳመጠና ጠየቃቸው።

«ቃጭል ነው ያሉኝ? የማን ቃጭል?»

«የኔ። የበሬዬ።»

«ያሰረውስ ማነው?»

ዞረው ጎረቤታቸውን አዩት። እሱ ተወክሎ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ብድግ አለ።

«ቃጭሉን ያመጣችው እሷ ናት፣ ለሷ ማሳ ነው። እኔ እጄን አበደርኳት እንጂ ምን አለኝ?»

ባለሙያው ገጽ ገልጦ አነበበ። በሕይወት መያዝ፣ ማሰር፣ ምልክት ማድረግ። «እናቴ፣ ይሄ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ተጠያቂዋ እርስዎ ነበሩ። ስላልጸደቀ ያመስግኑ። እኔ የምመክርዎ ቃጭሉን እንዲፈቱለት ነው።»

«በምን ይዤ ልፍታለት?»

ሳቅ ሆነ።

«እስከዚያ ጉዳት ካደረሰ ባለሙያ ልከን እናረጋግጣለን።»

«የተበላ ነገር ምኑ ይረጋገጣል፣ ልጄ?»

ምሳ ደርሶ ነበር። እኔም ውይይቱ መካሄዱን፣ ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተመለሰ ጽፌ ላክሁ። የባልቴቷ ጥያቄ ለአየር ሰዓት አልበቃም። የተረፈችውን ማሽላ ዝንጀሮዎቹ በሳምንቱ ጨረሷት።

በዓመቱ፣ ማሽላ እሸት ሲይዝ፣ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ከመኪና ወረድኩ። ረቂቁ አሁንም ረቂቅ ነው። መሬቱ በእኩል ገብቷል። ጎረቤትየው ማማው ላይ ወጥቶ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ዝንጀሮ ይጠብቃል፤ የአደን ፈቃድ ለሱም አልመጣለትም። የሚወረውረው ድንጋይ ነው። ባልቴቷ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዝንጀሮው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አለ፤ ሽቦው አንገቱ ውስጥ ገብቶ ሥጋው ሸፍኖታል፣ ጎልምሷል፣ መንጋውን ከፊት የሚመራው እሱ ነው። ድምፁን ከከብት ቃጭል መለየት የሚችል ሰው ግን በአካባቢው ከእሳቸው በቀር የለም። አስረዱኝ፤ በሬ ሲግጥ ቃጭሉ እኩል እኩል ይመታል። ያ ግን ትንሽ ይመታና ዝም ይላል፤ ቆሞ ማማውን ያያል። ከዚያ እንደገና።

ብዙም ሳንቆይ ከገደሉ በኩል ቃጭል ተሰማ። መታ መታ አለ፤ ዝም አለ። እንደገና መታ። እሳቸው አንገታቸውን አላነሡም። ማማው ላይ ያለው ሰው ተነሥቶ ቆመ፤ ከሱ በታች ያለውን የማሽላውን ግርጌ አገዳው ጋርዶበታል።

«እቴቴ!» ሲል ተጣራ። «እሱ ነው ወይስ በሬ ነው?»

ፈትሉን ሳያቋርጡ አዳመጡ። ቃጭሉ ዝም ብሏል።

«በሬ ነው!» አሉት ጮክ ብለው። «ውሃ ሊወርድ ነው፤ አረፍ በል!»

ሰውዬው ተቀመጠ። ከታች አገዳ ሲሰበር ይሰማኝ ጀመር።

«እማማ፣ ግማሹኮ የእርስዎ ነው» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

እንዝርቱን አሾሩት።

«ግማሹ የሱ ነው» አሉ።